ለጀማሪ የእርሻ መሬት ገማቾች ዓመታዊ ጉባኤ ቢደረግላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤



ስለ እርሻ መሬት ካሣ ብዙ ጊዜ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜም ይነገራል። የሚጻፈውና የሚነገረው ግን ስለ ሕጉና ስለ ገንዘቡ መጠን ነው እንጂ ግምቱን በእጁ ስለሚሠራው ሰው አይደለም። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ ትምህርቱን ከጨረሰ ገና ጥቂት ዓመት የሆነው ወጣት ነው። ሜትሩንና ደብተሩን ይዞ ወደ ቀበሌ ይወርዳል፤ ማሳውን ያያል፤ ምርቱን ይጠይቃል፤ የገበያ ዋጋ ይመዘግባል። ወደ ወረዳው ሲመለስ በደብተሩ የጻፈው ቁጥር የአንድ ቤተ ሰብ የወደፊት ኑሮ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ወጣት ያለኝን ዐሳብ በጋዜጣው ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ዐሳቤ በአጭሩ ይህ ነው። በሥራቸው ጀማሪ የሆኑ የእርሻ መሬትና የንብረት ገማቾች በዓመት አንድ ጊዜ ከየክልሉ ተሰብስበው፣ በአንድ ማሳ ላይ ቆመው፣ ግምታቸውን እርስ በርሳቸው የሚያስተያዩበት የሙያ ጉባኤ ሊደረግላቸው ይገባል። ስለ መሬት አስተዳደር ጥናት የሚቀርብባቸው ስብሰባዎች መኖራቸውን አልዘነጋሁም። እነዚያ ለሊቃውንትና ለኀላፊዎች የሚጠቅሙ ናቸው። እኔ የምለው ግን ሥራውን በእጁ ለሚሠራው ለጀማሪው የሚሆን ጉባኤ ነው።

ምክንያቱን ከሥሩ እንመልከት። መሬት እንደ ሌላው ንብረት በሚሸጥበትና በሚለወጥበት አገር ገማቹ ቢሳሳት ገበያው ያርመዋል። ጎረቤት ያለው እርሻ ባለፈው ወር በስንት እንደ ተሸጠ ጠይቆ የገማቹን ቁጥር መመርመር ይቻላል። በእኛ አገር ግን የገጠር መሬት በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ ወዲህ አይሸጥም፤ አይለወጥም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ ይህንኑ አጽንቶታል። እንግዲህ የመሬት ገበያ ከሌለ ገማቹን የሚያርመው ማነው? ባለይዞታው እንዳያርመው የራሱን ጥቅም ፈላጊ ነው ይባላል። አለቃው እንዳያርመው ማሳውን አላየውም። የቀረው የሙያ ጓደኛው ብቻ ነው። የሙያ ጓደኛው ደግሞ በሌላ ወረዳ፣ ምናልባትም በሌላ ክልል ነው ያለው። ሁለቱ ካልተገናኙ ስሕተቱ ሳይታረም ይኖራል። የጉባኤው አስፈላጊነት ከዚህ ይመነጫል።

ይኸው ሕገ መንግሥት መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ አስቀድሞ እንዲከፍል ያዛል። ተመጣጣኝ የሚለውን ቃል ወደ ብር የሚመልሱት የካሣ አዋጆች ናቸው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ ከመልቀቁ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደንግጎ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ይህን ለውጦ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ውስጥ ካገኘው ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ።

ልዩነቱን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ገበሬ የ5 ዓመት ገቢ በተራ 20 ሺህ፣ 25 ሺህ፣ 30 ሺህ፣ 40 ሺህና 45 ሺህ ብር ነበር እንበል። በፊተኛው አዋጅ አማካዩ 32 ሺህ ስለሆነ ካሣው 320 ሺህ ብር ይሆናል። በኋለኛው አዋጅ ከፍተኛው 45 ሺህ ስለሆነ ካሣው 675 ሺህ ብር ይደርሳል። ሕግ አውጪው ለገበሬው ማሰቡ ከዚህ ይታያል፤ ሊመሰገንም ይገባዋል።

ነገር ግን ሕጉ የሚያዘው ማባዣውን ነው። የሚባዛውን ቁጥር የሚያመጣው ገማቹ ነው። ማባዣው ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ የገማቹ ስሕተት አብሮ ከፍ ይላል። አሁንም በምሳሌ ላስረዳ። ከግማሽ ሄክታር ማሳ 8 ኩንታል ጤፍ የሚያገኝ ገበሬ ቢኖርና ገማቹ የኩንታሉን ዋጋ በ1000 ብር ብቻ አሳንሶ ቢጽፍ በዓመቱ ገቢ ላይ 8 ሺህ ብር ይጎድላል። ይህ በ15 ሲባዛ 120 ሺህ ብር ነው። ገማቹ ዋጋውን የጠየቀው በመኸር ማግስት ገበያው በሞላበት ሳምንት ይሁን፣ ወይም በክረምት እህል በተወደደበት ወር ይሁን፣ ይህ ብቻውን ከ1000 ብር የበለጠ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። እንግዲህ አንዱ ወጣት በኅዳር፣ ሌላው በሐምሌ የጠየቁትን ዋጋ ቢጽፉ፣ ሁለቱም ሳይዋሹና ሳያዳሉ ሁለት ጎረቤታሞች የተለያየ ዕድል ይገጥማቸዋል። ባላገሩ ደግሞ ጎረቤቱ ስንት እንደ ተከፈለው ለማወቅ ጋዜጣ አያስፈልገውም። ልዩነቱን ሲያይ ጉቦ ተበልቷል ይላል። ወጣቱም ባልበላው ጉቦ ስሙ ይጠፋል።

ዋጋው እንዲህ ከሆነ የምርቱ መጠንማ ከዚያ የከበደ ነው። በሁለተኛው ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሥራ ብዙ ማሳ በአየር ፎቶግራፍ ተመዝግቦ ካርታ ስለ ወጣለት የስፋት ክርክር ቀንሷል። ስፋቱን ካርታው ይናገራል፤ ምርቱን ግን ካርታ አይናገርም። ገበሬው ያገኘውን የሚያስታውሰው በቁና፣ በዳውላ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ነው። ቁናው ከአገር አገር ይለያያል። አንድ ከረጢት ጤፍና አንድ ከረጢት ገብስ ሚዛናቸው አንድ አይደለም። ማሳውንም በጥማድ ይቆጥረዋል፤ ጥማድም እንደ በሬው ጉልበትና እንደ አፈሩ ጠባይ ይሰፋል፣ ይጠባል። የምርት ቆጣሪዎች 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ከማሳው ላይ አሳጭደው፣ አስወቅተውና መዝነው የሄክታሩን ምርት ማስላት ያውቃሉ። ካሣ ገማቹ ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እህሉ ከታጨደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ በምን ዘዴ ይገምት? የገለባውን ክምር አይቶ? የግብርና ሠራተኛውን መዝገብ ጠይቆ? ወይስ የጎረቤት ምስክር ሰምቶ? ልምድ ያለው ሰው ሦስቱንም አገናዝቦ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ጀማሪው ግን ይህን የሚያስተምረው ሰው ያስፈልገዋል።

በየአገሩ ያለው አዝመራም እንዲሁ በአንድ ቀመር የሚያዝ አይደለም። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ታዲያ የዓመት ገቢው የትኛው ነው? ቡና አንድ ዓመት ብዙ ይሰጥና በሚቀጥለው ያርፋል። የመስኖ መሬት በዓመት ሁለት ጊዜ ሲመረትበት ሁለተኛው ምርት የገበያ አትክልት ስለሆነ ዋጋው በየሳምንቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጭዱ ለከብት ቀለብ ይሸጣል፤ ባሕር ዛፉ ለአጣናና ለማገዶ ይቈረጣል። የወል ግጦሽ ሲወሰድ ደግሞ ጉዳቱ የሚደርሰው በቀበሌው ከብት ባለው ሁሉ ላይ ነው። የባልቴቷን መሬት የሚያርሰው የእኩል አራሽ ነው፤ ምርቱ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጠው እርሱ ይሁን ወይስ እርሷ? በሲዳማ ወይም በጉራጌ የሚሠራው ወጣት ስለ እንሰት ያወቀውን፣ በጎጃም የሚሠራው ስለ ጤፍ፣ በጅማ የሚሠራው ስለ ቡና ያወቀውን ለጓደኛው የሚነግርበት ቦታ ከሌለ እያንዳንዱ በየወረዳው ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ይፈጥራል። የሚማረውም በገበሬው ኪሳራ ነው።

የመሬት ግምት ተራ የጽሕፈት ቤት ሥራ አለመሆኑን የአገራችን ታሪክ ደጋግሞ አስተምሮናል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ ግብሩን በዚያው ልክ ሠራ። ከፋፈሉ በዐሳብ ደረጃ መልካም ነበር። ነገር ግን ምደባው በአብዛኛው በዓይን ግምት ስለ ተሠራ የማንኛው መሬት ለም፣ የማንኛው ጠፍ እንደ ተባለ ብዙ ቅሬታ ተነሣበት። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜም የገበሬውን ምርት የሚገምቱ ሰዎች ወደየአውራጃው መላክ ነበረባቸው። በጎጃም ሕዝቡ ልኬታውንና ግምቱን ርስት ማሳጫ ነው ብሎ ስለ ጠረጠረ ዐመፅ ተነሣ፤ ደምም ፈሰሰ፤ መንግሥትም በመጨረሻ የግብር ውዝፍ እስከ መማር ደረሰ። በቅርቡም የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት በጥር ወር 2008 ዓ.ም. እንዲቀር ሲደረግ ከተቃውሞው ምክንያቶች አንዱ ገበሬው ያለ በቂ ካሣ ከመሬቱ እነሣለሁ ብሎ መሥጋቱ ነበር። በርስት የመጣን ነገር ሰው በዝምታ አያልፈውም። ገማቹ ወደ ማሳው ሲገባ ይህ ሁሉ ታሪክ አብሮት ይገባል። እርሱ ባያውቀው እንኳ ገበሬው ያውቀዋል።

በሌላ አገር ምን እንደሚደረግ ማየትም አይከፋም። በእንግሊዝ አገር በየአውራጃው ተበታትነው የነበሩ የእርሻ ገማቾች ማኅበሮች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1910 ዓ.ም. ተባብረው አንድ ማዕከላዊ ማኅበር መሥርተዋል። በዚያ ማኅበር ሙሉ አባል ለመሆን የሚፈልግ ወጣት ፈተና ማለፍ አለበት። ማኅበሩ አዲስ ሕግ ሲወጣ ትርጓሜውን ለአባሎቹ ያስረዳል፤ ጀማሪዎቹም ከአንጋፋዎቹ ጋር የሚገናኙበትን መንገድ ያዘጋጃል። እኛ የእነርሱን የመሬት ሥርዓት እንውሰድ ማለቴ አይደለም፤ እነርሱ መሬት ይሸጣሉ፣ እኛ አንሸጥም። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ግን ይህን ነው፤ ገበያ የሚያርማቸው ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ እየተሰበሰቡ ሲመካከሩ፣ ገበያ የማያርመን እኛ ይልቁን ምን ያህል መመካከር ይገባን ነበር?

እዚህ ላይ አንባቢዎች፣ በተለይም የመንግሥት ሠራተኞች የሆኑት፣ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ። ስብሰባ አነሰን እንዴ ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በሆቴል አዳራሽ ተሰብስቦ፣ በግድግዳ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ሲነበብ ሰምቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ የውሎ አበል ፈርሞ መበተን የተለመደ ነገር ሆኗል። ሥልጠና የተባለው ሁሉ ዕውቀት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሁላችንም ሊቃውንት በሆንን ነበር። ጉባኤው እንዲህ ያለ ከሆነ ባይደረግ ይሻላል። በዚያ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ ተነሺ ቤተ ሰብ ቢሰጥ ይጠቅማል።

ስለዚህ ጉባኤው በምን ዓይነት ቢደረግ እንደሚጠቅም የታየኝን ልግለጽ።

አንደኛ፤ ቦታው ከከተማ ሆቴል ይልቅ የገጠር ወረዳ ቢሆን፣ ጊዜውም እህል በሚታጨድበት በኅዳርና በታኅሣሥ መካከል ቢሆን መልካም ነው። ማደሪያው የግብርና ኮሌጅ ወይም የገበሬዎች ማሠልጠኛ ሊሆን ይችላል። በየዓመቱም ቦታው እየተለወጠ አንድ ጊዜ የጤፍ፣ አንድ ጊዜ የቡና፣ አንድ ጊዜ የእንሰት አገር ቢደረግ ወጣቶቹ አገራቸውን ያውቃሉ።

ሁለተኛ፤ የጉባኤው ዋና ሥራ አንድ ማሳን በብዙ ሰው መገመት ይሁን። ተሰብሳቢዎቹ በቡድን ተከፍለው፣ ሳይነጋገሩ፣ የአንዱን ማሳ ምርትና ገቢ ይገምቱ። ማታ የሁሉም ቁጥር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ምን ያህል እንደ ተራራቁ ሁሉም በዓይኑ ይየው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቡድን ቁጥሩን ከምን እንዳመጣው ያስረዳ። በማግሥቱም ማሳው ታጭዶና ተመዝኖ እውነተኛው ምርት ይታወቅ። በዚህ ዓይነት አንድ ቀን የሚገኘው ትምህርት በአዳራሽ ከሚሰማው የአንድ ወር ንግግር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛ፤ ገበሬዎችና የአገር ሽማግሌዎች እንግዶች ሳይሆኑ መምህራን ሆነው ይጠሩ። ካሣ የተቀበሉ ሰዎች፣ በተለይም ባልቴቶች፣ ግምቱ ሲሠራ ምን እንደ ተጠየቁና ምን ሳይጠየቁ እንደ ቀረ ይናገሩ። ወጣቱ ቅሬታን በማመልከቻ ወረቀት ላይ ሳይሆን ከባለቤቱ አፍ ይስማው።

አራተኛ፤ ሕግ ዐዋቂዎች፣ የፍርድ ቤት ሰዎችና በመሬት አስተዳደር ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን፣ ለምሳሌ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ተቋም፣ አከራካሪ የሆኑ ጉዳዮችን ያለ ባለጉዳዮቹ ስም አቅርበው ይወያዩባቸው። የተስማሙበትም በአንድ ትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ለየወረዳው ይላክ። ዋጋ በየትኛው ወር መጠየቅ እንደሚገባ፣ ቁናና ጥማድ በየአካባቢው ስንት እንደሆነ፣ ጭድ እንዴት እንደሚቈጠር የሚያሳይ መጽሐፍ በየገማቹ ቦርሳ ቢኖር ብዙ ክርክር ሳይነሣ ይቀራል።

አምስተኛ፤ እያንዳንዱ ጀማሪ ከአንድ አንጋፋ ገማች ጋር እንዲተዋወቅና ዓመቱን ሙሉ በስልክ እንዲመካከር ይደረግ። የሥነ ምግባር ደንብም በራሳቸው በወጣቶቹ ይጻፍ፤ ዘመድ ባለበት ቀበሌ ላለመገመት፣ በገበሬው ቤት ላለመጋበዝ፣ የጻፉትን ቁጥር ለገበሬው አንብቦ ለማሰማት ቃል ይግቡበት። አለቃ ስልክ ደውሎ ግምቱን ቀንስ ወይም ጨምር ቢል፣ ብቻውን የሆነ ወጣት ይፈራል። ደንብና ማኅበር ያለው ወጣት ግን የሙያዬ ሕግ አይፈቅድልኝም ብሎ በአክብሮት ሊመልስ ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ይህን ሥራ ማን ያዘጋጀው የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የግብርና ሚኒስቴርና የየክልሉ የመሬት ቢሮዎች ከዩኒቨርሲቲዎቹ ጋር ተባብረው ሊጀምሩት ይችላሉ። ኋላ ግን ጉባኤው በገማቾቹ በራሳቸው የሙያ ማኅበር እጅ ቢገባ ይበጃል። የ2011ዱ አዋጅ ፈቃድ ያላቸው ገማቾች በሌሉበት ቦታ ግምቱ በወረዳው በሚሰየም የባለሙያዎች ኮሚቴ እንዲሠራ መንገድ ከፍቷል። ኮሚቴው ለጊዜው የሚበጅ መፍትሔ ነው። ሙያ የሚሆነው ግን ሰዎቹ ሲማሩ፣ ሲፈተኑና እርስ በርሳቸው ሲተራረሙ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ገማቹ የሚፈለገው ገበሬው መሬቱን ሲለቅ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ካለ ነገሩ እየተለወጠ መሆኑን ይወቅ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመሬት መጠቀሚያ መብቱን አስይዞ ከገንዘብ ተቋም ብድር እንዲወስድ ፈቅዷል። የሚያስይዘው መብት ስንት ያወጣል የሚለውን አሁንም የሚመልሰው ገማች ነው። አሳንሶ ቢገምት ገበሬው ለበሬና ለዘር የሚበቃ ብድር አያገኝም። አብዝቶ ቢገምት ደግሞ ሊከፍለው የማይችለውን ዕዳ ይሸከምና ማሳው ለዓመታት በሌላ ሰው እጅ ይገባል። እንግዲህ የዚህ ሙያ ሰዎች ሥራ ከዛሬ ይልቅ ነገ እንደሚበዛ ግልጥ ነው።

መንገድ ይሠራል፤ ግድብ ይገደባል፤ ከተማ ይሰፋል፤ ፋብሪካ ይተከላል። ይህን የሚጠላ የለም። ሆኖም የከተማ ሰዎች የምንሄድበት አስፋልት፣ የምናበራው መብራት ትናንት የአንድ ሰው ማሳ የነበረውን መሬት እንደ ነካ ማስታወስ ይገባናል። ያ ሰው በሰላም የሚነሣው የተሰጠው ቁጥር ከምን እንደ መጣ ተረድቶ፣ የጎረቤቱም በዚያው ሚዛን እንደ ተመዘነ አይቶ ሲያምን ነው። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቍረጥ ይባላል። አንድ ሰው ብቻውን አሥር ጊዜ ቢለካ ግን አሥሩም ልኬት የራሱ ነው። አሥር ሰዎች በአንድነት ሲለኩ ነው ሚዛኑ የሚታወቀው።

የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ይህን ዐሳብ ተመልክተው ከመጪው መኸር አስቀድሞ እንዲያስቡበት እያሳሰብሁ፣ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ወጣቶችም በዚሁ ዓምድ የየበኩላቸውን እንዲጽፉ እጋብዛለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ